የማስታወስ ፈተና ሰውን ከማን ጋር ያነጻጽር?

በኮሎምበስ ከተማ የሚገኘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ‹ሴጅ› የተሰኘ የማስታወስና የማሰብ ችሎታ ፈተና 15 ደቂቃ ያህል የሚወስድ፣ ከ22 ነጥብ የሚታረም የጽሑፍ ፈተና ነው። ተፈታኙን የዕለቱን ቀን ይጠይቃል፣ ሂሳብ ያሠራል፣ ሰዓት እንዲስል ያዛል። ትምህርቱ ከ12 ዓመት ላልበለጠ ተፈታኝ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል።

በዚህ ስሌት 12ኛ ክፍልን የጨረሰና ከ4ኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እኩል ይካሳሉ። ዘመንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቆጥሩ እናትም የዕለቱን ቀን በትክክል ቢያውቁ፣ የሚጽፉት ዓመት ከፈተናው መልስ በ7 ወይም በ8 ያንሳል። ጤነኛውን ሕመምተኛ ማለት በራሱ ጉዳይ የመወሰን መብቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ ሕመምተኛውን ‹እርጅና ነው› ብሎ ማለፍ ደግሞ የሕክምና ጊዜውን ያባክናል።

የአንጎል ምስል ከዚህ አድልዎ ነጻ ነው የሚል ክርክር አለ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 ‹ኔቸር› መጽሔት ያወጣው ጥናት በኮሎምቢያ ትጥቃቸውን ፈትተው በጉልምስናቸው ማንበብ የተማሩ የቀድሞ ሽምቅ ተዋጊዎችን ካልተማሩት ጋር አነጻጽሮ፣ የግራና የቀኙን የአንጎል ክፍል በሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ ላይ ልዩነት አግኝቷል። የአንጎል ትስስር ራሱ የትምህርት ዕድል አሻራ አለበት ማለት ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረው ትውልድ ዛሬ በስተርጅናው ሲመረመር ይህ ሊዘነጋ አይገባም። በዚያው መጽሔት በ2022 የወጣ ሌላ ጥናትም በአንጎል ምስልና በአእምሮ ችሎታ መካከል ያለው ዝምድና ደካማ በመሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ተሳታፊዎች እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ዝምድና የአንዲት እናትን የማስታወስ አቅም ለመዳኘት አይበቃም።

ኢኮኖሚስቶች ለዚህ ዓይነቱ ችግር የቆየ መላ አላቸው፤ ሰውን ከሌላው ሳይሆን ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ማነጻጸር። በ70 ዓመት ዕድሜ የትምህርት ደረጃ ስለማይለወጥ፣ የሁለት ጊዜ ውጤት ሲቀናነስ የትምህርት ተጽዕኖው በአብዛኛው ይጣፋል። የሴጅ አዘጋጆችም በ2021 ባሳተሙት ጥናት የውጤትን ለውጥ በየጊዜው መከታተል ያለውን ጥቅም አሳይተዋል።

መላው ጉድለት አለው። መነሻ ውጤቱ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ሰው ቢደክም እንኳ ልዩነቱ ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዘና ገና በ60 ዓመት ዕድሜ፣ በተመዛኙ ቋንቋ፣ የልጅ ልጅ ሳይሆን የሠለጠነ አስተርጓሚ ባለበት፣ የኢትዮጵያንም ቀን በሚቀበል መንገድ መካሄድ ይኖርበታል። የኮሎምበስ እድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች አዛውንቱን ማሰባሰብ ይችላሉ፤ ሐኪሞች ደግሞ ውጤቱን በመዝገብ ይይዛሉ። ወጪው ከአንጎል ምስል እጅግ ያንሳል፤ ፍርዱ ግን ይበልጥ ሚዛናዊ ይሆናል።