አንድ ሽያጭ ለመጨመር መዝገቡን ሁሉ ለምትገለብጡ
ይድረስ ለሱቅና ለመጋዘን መተግበሪያ ለምትሠሩ የሙያ ጓደኞቼ፤

የደንበኛውን መረጃ በሙሉ በአንድ የጄሶን ፋይል አጭቆ፣ መተግበሪያው ሲከፈት ሁሉንም ወደ ሚሞሪ መጫን፣ አንድ ሽያጭ ሲመዘገብም ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፍ ይብቃን።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። የአንድ ሽያጭ መረጃ 200 ባይት፣ ፋይሉ 40 ሜጋባይት ቢሆን፣ ከሚያስፈልገው 200,000 እጥፍ ይጻፋል። ፋይሉ ከገበያው ጋር ስለሚያድግ፣ ይበልጥ የሚንቀራፈፈው ብዙ የሚሸጠው ደንበኛችሁ ነው። ከመንቀራፈፉ የባሰ አደጋም አለ። በነባሩ ፋይል ላይ ስትጽፉ መብራት ቢጠፋ፣ አሮጌው ተደምስሷል፤ አዲሱም አላለቀም። መዝጊያ ቅንፉ የጎደለውን ጄሶን ደግሞ መተግበሪያችሁ አያነበውም።

«ቀላል ስለሆነ ነው» ትላላችሁ። ቀላልነቱ ለእናንተ፣ ሸክሙ ለባለሱቁ! ለጥቂት የቅንብር ምርጫዎች ትንሽ ፋይል ቢበቃ አልከራከርም፤ እሱም በጊዜያዊ ፋይል ተጽፎ፣ ዲስክ ላይ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ በአሮጌው ስም ይተካ። በየቀኑ ለሚያድግ መዝገብ ግን ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ አለላችሁ፤ በነጻ የሚገኝ፣ ከአንድሮይድም ከአይፎንም ጋር አብሮ የሚመጣ። መረጃውን በገጽ ይከፍላል፤ የገጹ መደበኛ ልክ 4096 ባይት ነው። ሽያጭ ሲገባ የተነኩት ገጾች ብቻ ይጻፋሉ። የቀድሞ ይዘታቸው አስቀድሞ በጆርናል ፋይል ስለሚያዝ፣ ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ መዝገቡ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ለእያንዳንዱ ሽያጭ አንድ ፋይል የምትፈጥሩም አላችሁ፤ ያም ሌላ ጽንፍ ነው። ማይንክራፍት የተሰኘው ጌም ዓለሙን 16 በ16 ብሎክ ስፋት ባላቸው ቁራጮች ከፍሎ እያንዳንዱን በየራሱ ፋይል ያስቀምጥ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን እስከ 1,024 አጎራባች ቁራጮችን በአንድ ፋይል ሰብስቦ፣ የእያንዳንዱን ቦታ የሚጠቁም ማውጫ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ አኖረ። መክፈል ብቻውን አይበቃም፤ አብረው የሚፈለጉት አብረው ይቀመጡ፣ ማውጫም ይኑራቸው።

ዳታቤዝ ይዛችሁ ሠንጠረዡን በሙሉ የምትጠሩም አላመለጣችሁም። ባለሱቁ የዛሬን ሽያጭ ሲጠይቅ የዛሬን ብቻ በቀን ኢንዴክስ አምጡለት፤ የቆየውን ወደ ታች ሲወርድ ጥቂት በጥቂት ጨምሩለት።

ስለዚህ ቀጣዩን እትም ከመሸጣችሁ በፊት የአምስት ዓመት የሙከራ ሽያጭ ሙሉበት፤ ሚሞሪው አነስተኛ በሆነ ኮምፒውተር ክፈቱት፤ እየመዘገበ ሳለ ሶኬቱን ንቀሉ። ተመልሶ ሲነሳ መዝገቡ ካልተከፈተ አትሽጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሙያ ባልደረባችሁ