ድሮን የቁራ መልእክተኛ እንዳይሆን

ኖኅ የውሃውን መጕደል ያውቅ ዘንድ አስቀድሞ ቁራን ከመርከብ እንደ ላከ፤ ቁራም ወጥቶ እንደ ቀረ፤ ኋላም ርግብን ቢልክ የወይራ ቅጠል ይዛ እንደ ተመለሰችለት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ታሪክ ነው። ያገራችን ሰው ከዚህ ተነሥቶ ተልኮ የቀረውን ሁሉ «የቁራ መልእክተኛ» ይለዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናገርበት የፈለግሁት ነገር በራዲዮ እየታዘዘ ስለሚበረው ትንሽ አውሮፕላን፤ ይኸውም ድሮን ስለሚባለው ነው። ይህ ዕቃ በውጭ አገር ባሉት ወገኖቻችን ቤት የልጆች መጫወቻና የጐልማሶች መዝናኛ ሆኗል። አንዳንድ ጊዜ እንደ ርግብ ይመለሳል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ቁራ ይቀራል። የሚቀርበት ምክንያት ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የመሣሪያው እብደት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ ሳያዝዘው በመቅረቱ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዘመዶቼ ቤት የሆነ ነገር ነው። እኅቴ ከባልዋና ከልጆችዋ ጋራ በአሜሪካ በሜሪላንድ ትኖራለች። በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ እስከ 15 ማይል (24 ኪሎ ሜትር ያህል) ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ስለ ሆነ፤ ታላቁ ልጅዋ ዕረፍት ባገኘ ቀን ከከተማው ርቆ በሐይቅ አጠገብ ወዳለ ሰፊ መናፈሻ እየወሰደ ያበርር ነበር። አንድ ቀን ቸኩሎ ባትሪውን እንዳገባ ወዲያው አስነሣው። ድሮኑ በመኪና ማቆሚያው ላይ አልፎ ወደ ሐይቁ ሄደ፤ ከረጃጅም ዛፎች ኋላም ገባ። በዚያን ጊዜ ራዲዮው ተቋረጠ። ልጁ የመቈጣጠሪያውን ዘንግ ቢገፋው ቢስበው ምንም አልሰማው አለ። ጥቂት ቈይቶ ድሮኑ ከዛፎቹ በላይ ከፍ ብሎ ታየ፤ ነገር ግን ወደ ልጁ በመምጣት ፈንታ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደና፤ ሕፃን በጋሪ ትገፋ በነበረች አንዲት እናት ፊት ክንፎቹ እየተሽከረከሩ ወረደ። ሴትዮዋ ጋሪውን ወደ ኋላ ባትስበው ኖሮ ምን ሊሆን እንደ ቻለ ማሰብ ያስፈራል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ማንም አልተጐዳም።

በዚያው ሌሊት እኅቴ በስልክ ጠርታ «ይህ ዕቃ አበደ፤ ከቤቴ ይውጣልኝ» አለችኝ። እኔም ዘመኔን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፤ ከምስክር ይልቅ መዝገብ መጠየቅ ልማዴ ስለ ሆነ፤ ልጁን «የተጻፈ ነገር የለውምን?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም «አጎቴ፤ የበረራው መዝገብ በስልኬ ውስጥ አለ» አለና ላከልኝ። መዝገቡን አብረን ስናነበው ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ድሮኑ ከመሬት ሲነሣ ስፍራውን የሚያውቅባቸው የሳተላይት ምልክቶች ገና አልበቁትም ነበር። በቂ ምልክት ያገኘው ከአንድ ደቂቃ ያህል በኋላ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ሳለ ነው፤ በዚያም «ቤቴ ይህ ነው» ብሎ መዘገበ። ራዲዮው በተቋረጠ ጊዜም በመዝገቡ ወደ ተጻፈው ቤቱ ተመለሰ። እንግዲህ መሣሪያው አላበደም፤ ታዘዘ እንጂ። ያንን ትእዛዝ እንደ ሰጠው ሳያውቅ የሰጠው የእኅቴ ልጅ ነው።

ያለ ሽቦ ማዘዝ አዲስ ነገር አይደለም። ኒኮላ ቴስላ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በራዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ጀልባ ግን ትእዛዝ ቢቋረጥበት በውሃው ላይ ተንሳፎ ይቈያል። በአየር ላይ ያለው ዕቃ ነዳጁ ወይም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ነው እንጂ ከዚያ በላይ ሊቈይ አይችልም፤ እስከዚያም ድረስ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው አንድ ነገር ያስፈልጋል።

ነሐሴ 10 ቀን 1948 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956) የሆነው ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በካሊፎርኒያ ፖይንት ሙጉ ከሚባለው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር፤ ሄልካት የተባለ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ያለ ነጂ በራዲዮ እየታዘዘ የተኩስ መለማመጃ ይሆን ዘንድ ተነሣ። ጥቂትም ሳይቈይ ትእዛዝ መቀበሉን ተወና ወደ ታላቁ ከተማ ወደ ሎስ አንጀለስ አቅጣጫ ሄደ። ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖች ተልከው 208 ሮኬት ቢተኩሱበት አንዱም አልመታውም። ሮኬቶቹ በምድር ላይ ወድቀው ወደ 1000 ኤከር የሚጠጋ፤ በእኛ ልክ 10 ጋሻ ያህል ምድር አቃጠሉ፤ በፓምዴል ከተማም ቤቶችንና መኪናዎችን ጐዱ። ሰው አለመሞቱ ተአምር ነው። አውሮፕላኑ ግን ነዳጁ ባለቀ ጊዜ ብቻውን በምድረ በዳ ወደቀ። ትእዛዝ የተቋረጠበት አንድ አሮጌ አውሮፕላን ካደረሰው ጕዳት ይልቅ፤ እርሱን ለመያዝ የተደረገው ድካም ያደረሰው ጕዳት በለጠ።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች «ራዲዮ ቢቋረጥ ይህን አድርግ» የሚል ትእዛዝ በመሣሪያው ውስጥ አስቀድመው መጻፍን ልማድ አደረጉ። ነገር ግን መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ሐምሌ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010) ፋየር ስካውት የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰው አልባ ሄሊኮፕተር ራዲዮው ሲቋረጥበት ወደ ሰፈሩ መመለስ ሲገባው፤ በተጻፈለት ፕሮግራም ስሕተት ምክንያት 23 ማይል ያህል ተጕዞ በዋሽንግተን ዙሪያ ወዳለው የተከለለ አየር ገባ። ደግነቱ ትእዛዙ እንደ ገና ተገናኝቶ በደኅና ተመለሰ። ይህን ያህል ብልሃተኛ ያለበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ካጋጠመው፤ ከሱቅ ገዝተን ለልጅ የምንሰጠውን ዕቃማ ሳንመረምር ማስነሣት እንዴት ይገባል?

እኔ ይህን ነገር በኑዛዜ እመስለዋለሁ። የቤት ጌታ ድምፁ ሳይዘጋ በፊት የተናገረው ቃል፤ ድምፁ ከተዘጋ በኋላ ቤቱን ያስተዳድራል። ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ቤት ምን ያህል ክርክር እንደሚያመጣ ያገራችን ፍርድ ቤቶች ያውቁታል። ተናዝዞም ቢሆን ቃሉን ያልመረመረ፤ ያልወደደውን ሊያወርስ ይችላል። ድሮንም እንዲሁ ነው፤ የራዲዮው ድምፅ ሲዘጋ የሚሠራው በመጨረሻ በተጻፈለት ቃል ነው። ስለዚህ ድሮን የሚያበርር ሁሉ ከማስነሣቱ በፊት የሚከተለውን ይመልከት።

አንደኛ፤ የቤቱ ስፍራ በትክክል ይመዝገብ። ድሮኑን ገላጣ በሆነ መሬት አኑሮ፤ ሳተላይቶቹን አግኝቶ ቤቱን መዝግቤአለሁ እስኪል ድረስ መታገሥ ነው። ስልኩ ካርታ የሚያሳይ እንደ ሆነ ምልክቱ በቆሙበት ስፍራ መሆኑን በዓይን ማረጋገጥ ይገባል። በመኪና ላይ ወይም ብረት በበዛበት ሲሚንቶ ላይ አኑሮ ማስነሣት መልካም አይደለም፤ ብረት በውስጡ ያለውን ኮምፓስ ያሳስተዋልና።

ሁለተኛ፤ የሚመለስበት ከፍታ ይወሰን። በአካባቢው ካለው ረጅም ዛፍ፤ ሕንፃ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ በላይ መሆን አለበት። ረጅሙ ዛፍ 30 ሜትር ቢሆን መመለሻውን 45 ሜትር ማድረግ ይበጃል። በ20 ሜትር የተወው ሰው ድሮኑ ወደ ቤት ሲመለስ በዛፍ ላይ ይቀርበታል። በአሜሪካ ሕግ ለመዝናኛ የሚበር ድሮን በአብዛኛው ስፍራ ከ400 ጫማ (120 ሜትር ያህል) በላይ መውጣት አይፈቀድለትም፤ ከዓይንም መራቅ የለበትም።

ሦስተኛ፤ ትእዛዙ እንደ ስፍራው ይመረጥ። ብዙዎቹ ድሮኖች ራዲዮ ሲቋረጥ ከሦስት አንዱን ያደርጋሉ፤ ይኸውም መመለስ፤ ባሉበት መቆም ወይም ባሉበት መውረድ ነው። በገላጣ ሜዳ መመለስ ይሻላል። በውሃ ላይ የሚያበርር ሰው መውረድን ቢመርጥ ድሮኑን ለዓሣ ሰጠው ማለት ነው። በአዳራሽ ውስጥ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር የሚያበርር ደግሞ መመለስን ቢመርጥ፤ ድሮኑ ለመመለስ አስቀድሞ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጣራው ወይም ከቅርንጫፉ ጋራ ይጋጫል።

አራተኛ፤ የራዲዮው መንገድ አይዘጋ። ራዲዮ እንደ ብርሃን ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ኰረብታ፤ ሕንፃና እርጥብ ቅጠል ይጋርዱታል፤ የሚያበርረው ሰው ጀርባውን ቢያዞር የገዛ ሰውነቱም ይጋርደዋል። ብዙዎቹ ድሮኖች የሚታዘዙበት 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው የራዲዮ ሞገድ በየቤቱ ያለው ዋይፋይም የሚሠራበት ስለ ሆነ፤ ቤት በበዛበት ሰፈር እንደ ገበያ ጫጫታ ድምፅ ከድምፅ ይቀላቀላል። የአንቴናውንም ነገር ብዙ ሰው ይስተዋል፤ ጫፉን እንደ ጦር ወደ ድሮኑ ያቀናዋል። የዘንግ አንቴና ግን በጫፉ በኩል የሚሰጠው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው፤ ኃይሉ ያለው በጐኑ ነውና ጐኑን ወደ ድሮኑ ማዞር ይገባል።

አምስተኛ፤ የመመለሻ ስንቅ ይቀመጥ። መንገደኛ ስንቁን ሁሉ በመሄጃው አይጨርስም። ነፋስ ከምድር ይልቅ በከፍታ ይበረታል፤ ከነፋስ ጋራ በደስታ የሄደ ድሮን ሲመለስ ነፋሱ ከፊቱ ይሆንበትና ባትሪው በመንገድ ያልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ነፋሱን እየተቃወመ ይሂድ፤ ሲደክም ነፋሱ እየገፋ ይመልሰዋል። የመቈጣጠሪያውና የስልኩም ባትሪ ሙሉ መሆን አለበት።

ስድስተኛ፤ ትእዛዙ ይፈተን። ሰው በሌለበት ገላጣ ሜዳ ጥቂት አርቆ የመመለሻውን ቁልፍ መጫንና አካሄዱን መመልከት ነው። ሲወጣ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፤ ሲወርድም የት እንዳረፈ ማስተዋል ይገባል። በገዛ እጁ ገጣጥሞ የሠራ ሰው ግን አስቀድሞ ክንፎቹን ፈትቶ በምድር ላይ ይፈትን፤ መቈጣጠሪያውን ሲያጠፋው ሞተሮቹ የታዘዙትን ያደርጉ እንደ ሆነ ያያል። በመጽሐፉ እንዲህ ተጽፏል ብሎ ማመን ብቻ አይበቃም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ራዲዮው በበረራ መካከል ቢቋረጥ ዋናው ነገር አለመደናገጥ ነው። አንቴናውን አቅንቶ፤ ከሚጋርደው ነገር ፈቀቅ ብሎ፤ የሚቻል እንደ ሆነ ከፍ ወዳለ ስፍራ ወጥቶ መጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ ይመለሳል። ዓይንን ወደ ሰማይ ሰቅሎ መንገድ እያቋረጡ መሮጥ ግን ከድሮኑ በፊት ልጁን ያሳጣል። ድሮኑ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ የመሰለ እንደ ሆነ ሳይደብቁ ወዲያው ለባለሥልጣን ማስታወቅ ይገባል። በድሮኑም ላይ የባለቤቱ ስልክ ቍጥር ተጽፎ ቢለጠፍ ያገኘው ደግ ሰው ይመልሰዋል።

በአገራችን ግን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር አስቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ለወንድም ልጅ ወይም ለእኅት ልጅ በስጦታ ይዘው ለመምጣት ቢያስቡ ይህን አስቀድመው ይወቁ፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ዕቃ በጕምሩክ ይያዛልና። ስጦታው ለልጁ ደስታ መሆኑ ቀርቶ ለአባት መመላለሻ ይሆናል።

እኅቴ ድሮኑን ከቤት አላስወጣችውም። ነገር ግን አንድ ሕግ አወጣች። ልጅዋ ሊያበርር በወጣ ቍጥር ከበር ላይ አቁማ «ድምፅህ ቢዘጋ ምን አዝዘኸዋል?» ትለዋለች። እርሱም የቤቱን ስፍራ የት እንደሚያስመዘግብ፤ የመመለሻውን ከፍታና የመረጠውን ትእዛዝ ካልነገራት አያልፍም። እኔም ለአባቶችና ለእናቶች ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው። ልጁ ያለ ማመንታት የመለሰ እንደ ሆነ ይሂድ፤ ያመነታ እንደ ሆነ ግን መልሱን እስኪያውቅ ድረስ ድሮኑ በሣጥኑ ይቈይ። ያች እናት በዚያ መናፈሻ ዛሬም ጋሪዋን ትገፋለችና።