ምግብና መድኃኒት አይነጣጠሉ

የረመዳን ወር ሲገባ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የማዕድ ሰዓት ይለወጣል። ቴምሩ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ለኢፍጣር ይሰናዳል፤ ሌሊት ደግሞ ለሱሁር እሳት ይነድዳል። ይህ ለውጥ ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም። ክሮንስ የተባለ የአንጀት ሕመም ላለበት ሰው ግን ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ የሚገቡበት ጉዳይ አይደለም።

ክሮንስ የሰውነት የመከላከል ሥርዓት በገዛ አንጀቱ ላይ ተነሥቶ የሚያቆስልበት፣ አብሮ የሚኖር ሕመም ነው። ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ የደም ማነስና መክሳት ምልክቶቹ ናቸው። በአገራችን ከአንጀት ቲቢ ጋር ስለሚመሳሰል ለሐኪምም መለየቱ ቀላል አይደለም። «ጨጓራ ነው» እየተባለ ጊዜ የሚባክንበትም አለ።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ የሚጎዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ክኒን እየዋጡ ምግብን መርሳት ነው። የታመመ አንጀት ከምግብ የሚገባውን ያህል አይወስድም። የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ከተጎዳ ቫይታሚን ቢ12 ያጥራል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም አጥንት ያሳሳል፤ ስለዚህ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይታሰቡ። አንጀቱ የጠበበበት ሰው ቆሎና ጥሬ ጎመን ሊያንቀው ይችላል፤ ለስላሳ አጥሚት፣ የተፈጨ ምስርና እንቁላል ይሻለዋል።

ሌላው መንገድ «በምግብ እድናለሁ» ብሎ መድኃኒትን መጣል ነው። ለሳምንታት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። አዛታዮፕሪን የሚወስድም የደም ምርመራ ቀጠሮውን ማለፍ የለበትም።

የሕክምናው ዓለም ሁለቱን ማጣመርን መርጧል። በአውሮፓ ክሮንስ ያለባቸው ሕፃናት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የተመጣጠነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ቁስለቱን በማብረድ ከፕሬድኒሶሎን አያንስም፣ እድገታቸውንም አይጎዳም። ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ እንዳይመለስ መድኃኒቱ ይቀጥላል። የጃፓን ሐኪሞችም ለአዋቂዎች ፈሳሽ ምግብንና መድኃኒትን አጣምረው ሲሰጡ ኖረዋል።

እኛ ዘንድ ይህ ፈሳሽ ምግብ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። የሥነ ምግብ ምክር ግን ውድ ዕቃ አይጠይቅም። በሸገር ከተማ ሥር የገቡት እነዚህ ከተሞች ነዋሪ ለአንጀት ስፔሻሊስት አዲስ አበባ ድረስ ይመላለሳል። መድኃኒት ታዝዞለት ሲመለስ ምን እንደሚበላ፣ ክብደቱን በየስንት ጊዜው እንደሚለካ የሚነግረው ሰው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሊያገኝ ይገባል። የጤና ቢሮዎች ለስኳርና ለደም ግፊት ሕሙማን የጀመሩትን የምግብ ምክር ለአንጀት ሕሙማንም ያስፉት።

የታመመ ሰው ጾሙን ትቶ በሌላ ቀን እንዲያካክስ፣ ማካካስ የማይችልም ምስኪን እንዲያበላ እስልምና ፈቅዷል። ሕመሙ የተነሣበት ሰው ይህን ፈቃድ በማፈር አይግፋው፤ ቤተሰቡም አይፍረድበት። ሕመሙ በርዶለት ሐኪሙ ከፈቀደለት ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ሱሁር ወይም ወደ ኢፍጣር ይዛወርለት፣ ከመግሪብ በኋላ ውኃ በርከት አድርጎ ይጠጣ፣ በዘይት የተጠበሰውን ይቀንስ። ተቅማጥ ከበረታ ወይም በሰገራው ደም ካየ ግን ጾሙን ይፍታ፤ ወደ ሕክምናም ይሂድ።