መሬቱ የተቀነሰበት ሰው አክሲዮን ይገዛል?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በጉንደ ወይን ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ብሩን ከኪሱ ለማውጣት አይቸኩልም። የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ወዲያ ወዲህ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ከጤፍ ሽያጭ የተረፈው ገንዘብ ወይ በሬ ይሆናል፣ ወይ ባሕር ዛፍ፣ ወይ ከተማ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት፤ አክሲዮን ግን አይሆንም።

ይህን «የግንዛቤ ችግር» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ገበሬው ንብረት ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሹመት የነበራቸው ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከአራት ጥማድ ወይም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተወሰነ። ለሌላው ገበሬ ጣሪያው ሦስት ሄክታር ነበር። የአባቱ ማሳ በገመድ ተለክቶ ለሌላ ሲሰጥ ቆሞ ያየ የዚያን ጊዜ ልጅ ዛሬ አርባዎቹ ውስጥ ገብቶ ጎጆውን የሚመራ አባወራ ነው።

በእርግጥ ከ1995 ወዲህ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ ብዙ ስጋት አቅልሏል። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ በጉልበትና በገንዘብ የተሠራውን ንብረት ግን ለባለቤቱ ይተዋል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ስሌቱ ትክክል ነው፦ ዛፉ የራሱ ነው፣ በጥቂት ዓመት ለአጠና ይደርሳል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ኡልሪኬ ማልሜንዲየር እና ሽቴፋን ናገል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ያለፈ ገጠመኝ የሰውን ምርጫ ለረጅም ጊዜ እንደሚመራ በአሜሪካም አግኝተዋል። በዕድሜው የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ያየ ትውልድ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ከአክሲዮን ይሸሻል። የቅርብ ዓመታት ገጠመኝ ይበልጥ ይከብዳል፤ የጥንቱም ግን ፈጽሞ አይጠፋም።

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ የገዙትም 47,377 ሰዎች ናቸው። ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ ማለትም የ9,900 ብር መግዛት ግድ ነበር፤ የኑሮ ውድነቱም አለ። ቢሆንም ገዢው የሚዳብሰው ነገር አልነበረም። ዳብሶ መግዛት የለመደ ሰው በሥልጠና ብዛት አያምንም። የሚያሳምነው ጎረቤቱ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻውን ሲቀበል፣ ሲቸግረውም አክሲዮኑን ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ላይ ሸጦ ብሩን ይዞ ሲመለስ ማየት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ትምህርት እየተጨመረ ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ተዘግቷል፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ደግሞ የተሸጠው በስልክ የገንዘብ አገልግሎቱ በቴሌብር ነው። የዛሬ ልጆች ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ ያለ ገንዘብ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አክሲዮን ግዙ የሚላቸው ሁሉ መጀመሪያ ይህን ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል።