ወፏን እንተዋት

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ጉበት ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ የምማረው ቃላትን ነውና የምጀምረውም ከቃል ነው። በአገራችን የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። አንዳንዱ ወፍ በላዩ አልፋ ነው ይላል፤ ሌላው የሌሊት ወፍ ሽንት ነክቶት ነው ይላል። ስሙ ያስቃል፤ ጉዳቱ ግን አያስቅም። ጥፋቱ የወፍ ከሆነ ደሙን ማን ይመረመራል?

የዓይን ቢጫ መሆን ብዙ መነሻ አለው። ከነዚህ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ነው። ክፋቱ ዓይንን ቢጫ ሳያደርግ፣ ባለቤቱም ሳያውቀው፣ ብዙ ዓመት በጉበት ውስጥ መኖሩ ነው። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚጎዳው የገዛ ጉበቱን ነው። የቆሰለው ቦታ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ሲበዛ ጉበት ሥራውን ያቆማል፤ ሆድም ውሃ ይቋጥራል፤ አንዳንዱ ላይ ካንሰር ይነሣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው በ2022 እ.ኤ.አ. ቫይረሱ ሥር የሰደደባቸው ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ፤ በዚያው ዓመት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሞተውበታል።

ይህ እኛን ምን ይመለከተናል? ክትባቱ በዓለም ላይ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በአገራችን ግን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ልደታችሁን ቁጠሩ! ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ መርፌው ሳይደርስልን ያደግን ነን።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን ደም ሊለግስ ሄዶ ቫይረሱ እንዳለበት ተነገረው። ወሬው ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል ዞረ። በማግሥቱ ከእርሱ ጋር ከአንድ ትሪ የሚበላ ጠፋ። ከሁለት ቀን በፊት በአንድ ምላጭ ስንላጭ የነበርነው እኛው ነን! ቫይረሱ በጉርሻ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። የደም ጠብታ የነካው ምላጭም ያስተላልፋል። እኛ የተማርነው ሰዎች ግን ትሪውን ለየን፤ ምላጩን አልለየንም። ታዲያ ወፏን ከሚከሰው ገበሬ በምን ተሻልን?

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ጥያቄ ለአስተዳደሩ እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ፤ በምዝገባ ሰሞን ለፈቀደ ተማሪ ሁሉ ምርመራና ክትባት ይሰጥ፤ ውጤቱም ምሥጢር ይሁን። ቫይረሱ የሌለበት መርፌውን እስከ መጨረሻው ይውሰድ። ያለበትም ተስፋ አይቁረጥ፤ ሐኪም ይከታተለው፤ ሲያስፈልግም እንደ ቴኖፎቪር ያለ ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት አለ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ነገር ግን በሽታውን የተናገረ ወዳጅ የሚያጣ ከሆነ ማን ይናገራል? ጓደኛችን ዛሬም ብቻውን ይበላል። እኔ ነገ ከትሪው እቀርባለሁ፤ ምላጬን ግን ከእንግዲህ ለማንም አላውስም።