የተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ፦ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

የእርሻ ወቅት በደረሰበት ሰዓት የማኅበር ትራክተር ሞተር ብሎክ ተሰንጥቆ መገኘቱ የአባላቱን መሬት ጦም ሊያሳድር የሚችል ችግር ነው። በተለይም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው በመናሩ፣ አሮጌውን ብሎክ ማስጠገን ወይስ መለወጥ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል።

ቀደም ሲል በናዝሬት ይገጣጠሙ እንደነበሩት ቤላሩሶች ያሉ አሮጌ ትራክተሮች የሞተር ብሎካቸው ጊዛ ነው። የመለዋወጫ ፋብሪካ በደርግ ዘመን ወደተተከለበት ወደ አቃቂ ቃሊቲ ብሎኩን ጭኖ መሄድ ግን ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። አስቀድሞ የስንጥቁን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስንጥቁ ውሃ በሚዞርበት የውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይጠገናል። የኮሎው መቀመጫ ከተሰነጠቀ ግን ኃይል የሚያርፍበት ስለሆነ ብሎኩን መለወጥ ይመረጣል። የስንጥቁን ጫፍ ለመለየት ቦታውን አጽድቶ ነጭ ጋዝ መቀባት፣ ከጠረጉም በኋላ ጠመኔ መለቅለቅ ይበቃል፤ ከስንጥቁ የሚወጣው ጋዝ በጠመኔው ላይ መስመር ያሳያል።

ጊዛ ከመቶ 2 እጅ በላይ ካርቦን ስላለው ተሰባሪ ነው። በተራ የብረት ኤሌክትሮድ ቢበየድ ዙሪያው ይደርቅና ብየዳው ሲቀዘቅዝ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ በቅድሚያ የስንጥቁ ሁለት ጫፎች እንዳይቀጥሉ ይበሳሉ። ከዚያም በኒኬል ኤሌክትሮድ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ እየበየዱ፣ ወዲያው በመዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱና እያቀዘቀዙ ይቀጥላሉ። ሁለተኛው መንገድ ያለ እሳት የሚሠራው ነው፤ በስንጥቁ ላይ ቀዳዳዎች ተከታትለው ይበሳሉ፣ ጥርስ ይወጣላቸዋል፣ አንዱ ሌላውን በሚነካ ቡሎን ይሞላሉ። ይህ ብሎኩን ስለማያግል የመጣመም አደጋ የለውም።

በመሆኑም የማኅበር መሪዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ባለሙያውን በምን ኤሌክትሮድ እንደሚሠራ ሊጠይቁት፣ ሥራው ሲያልቅም ብሎኩ በውሃ ግፊት ተፈትኖ እንዲያዩ ሊጠይቁ ይገባል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን መከላከል ነው። ውሃ ጎድሎ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብሎክን ከሚሰነጥቁ ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ሞተሩ እስኪበርድ የሚታገሥ ነጂ ለማኅበሩ ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።