የሚስጥር ቁጥራችን ለራሳችን

መንግሥት አገልግሎቱን ወደ ስልክ እያዞረ ነው። መታወቂያው ፋይዳ፣ ክፍያው ቴሌብር ሆኗል። ደግ አደረገ! ወረፋው፣ ደረጃው፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ከማንም በላይ ያንገሸገሸው እኛን ነው፦ ዓይነ ስውራንን፣ መስማት የተሳናቸውን፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችን፣ ስማርት ስልክ የሌላቸውን ጡረተኞች። የምንጠይቀው ጉዳያችንን ራሳችን፣ በሚስጥር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድንፈጽም ነው።

በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሁሉም ያውቃቸዋል። ለኛ ኢንተርኔት ቤቱ እነሱን ተክቷል። ማመልከቻ ጸሐፊው ግን የሚያውቀው የያዝነውን ክስ ብቻ ነበር። ኢንተርኔት ቤት ፎርም የሚሞላልን ልጅ የይለፍ ቃላችንን ያውቃል፤ በመልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም ከኛ ቀድሞ ያነባል። ልጁ ጨዋ ነው እንበል፤ ብዙዎቹም ናቸው። መብታችን ግን በሰው ጨዋነት ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

መሥሪያ ቤቶች ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ። ለዓይነ ስውሩ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ስክሪን ሪደር እዚያ ሲደርስ «ምስል» ብሎ ያልፋል፤ የጨረታው ቀን፣ የምዝገባው ማብቂያ አብሮ ያልፋል። መተግበሪያው ላይ ያለው ቁልፍ ስም ካልተሰጠውም «ቁልፍ» ይላል እንጂ ላክ ይሁን ሰርዝ አይነግረውም። መስማት ለተሳነው ደግሞ «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» ይባላል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 የመረጃና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂን ከሕንፃና ከመንገድ ጋር አብሮ ይጠራል። ስለዚህ የምንለምነው ችሮታ የለም።

አይቻልም የሚለን ካለ 8028 ይደውል። ገበሬው በተራ ስልክ፣ በነፃ፣ በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች የግብርና ምክር የሚሰማበት መስመር ነው። ለማዳበሪያ የተቻለው ለልደት ምስክር ወረቀት የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

ማስታወቂያ ሁሉ በሚነበብ ጽሑፍ ይውጣ፤ ዋና ዋናው በምልክት ቋንቋ ይቀረጽ። ማንኛውም የመንግሥት መተግበሪያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እኛ እንሞክረው፤ ለሙከራውም ይከፈለን፤ ሻይ ጋብዞ መሸኘት ይብቃ። ብቻችንን ልንጨርሰው ያልቻልነው አይመረቅ። እስኪስተካከል ድረስ የድሮው መስኮት አይዘጋ፤ ከኋላውም ሰው ይቀመጥ።